«ሥልጣን ሲይዝ ይለዝባል»

ፋሺዝምን የሚፈሩ ሰዎች ነገር ማካበድ ይወዳሉ። አስተዋይ ሰው ግን አይደነግጥም። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ጎረምሶች የሠራተኞችን ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሲያቃጥሉ ቢያይ «ወጣትነት ነው፣ ያልፍላቸዋል» ይላል። ማኅበርተኛውን ጨምድደው ይዘው የጉሎ ዘይት በግድ ሲግቱት ቢያይም፣ ሆዱን ይዞ በሚሮጠው ሰው ፈገግ ይላል። ደግሞስ የተጋተው ሶሻሊስት አይደለም እንዴ? የአስተዋዩ ሆድ እንደሆነ ደህና ነው።

የዚህ አስተዋይነት ሊቀ ሊቃውንት ጆቫኒ ጆሊቲ ነበሩ፤ አምስት ጊዜ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ፣ ፖለቲካን እንደ ዳዊት የደገሙ አዛውንት። በ1921 ምርጫ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የሙሶሊኒን ሰዎች በራሳቸው የዕጩዎች ዝርዝር አስገቧቸው። ዱለኛ ወንበር ሲያገኝ ዱላውን ይጥላል የሚል ሒሳብ ነው። ፋሺስቶቹ ከ535 መቀመጫ 35 አገኙ። ሠላሳ አምስት ሰው ምን ያመጣል?

በዓመቱ ጥቁር ሸሚዞቹ ሮምን ከበው ዝናብ ሲያበሰብሳቸው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ፋክታ እነሱን በጦር ለመበተን አዋጅ አዘጋጁ። ንጉሡ ቪቶሪዮ አማኑኤል አልፈርምም አሉ፤ እሳቸውም አስተዋይ ነበሩ። ሙሶሊኒ ታላቁን ዘመቻውን ከሚላኖ ባለመኝታ ባቡር ተሳፍሮ፣ ጋደም ብሎ ፈጸመው። ምክር ቤቱም 306 ለ116 በሆነ ድምፅ መንግሥቱን አጸደቀለት።

በ1924 ማቴዮቲ የሚባል የምክር ቤት አባል የዚያ ዓመቱ የምርጫ ድል በዱላ የተገኘ ነው ብሎ ስለተናገረ በጠራራ ፀሐይ ታፍኖ ተገደለ። አሁንስ? አሁንም ትዕግሥት ነዋ! ፈላስፋው ክሮቼ እንኳ፣ ያን ያህል መጽሐፍ የጻፉት ሰው፣ ከግድያው በኋላ በሴኔት የድጋፍ ድምፃቸውን ሰጡ። በ1926 ከፋሺስቱ በቀር ያሉት ፓርቲዎች በሙሉ ታገዱ፤ ያን የ1922ቱን ድምፅ የሰጡትም ጭምር።

ሞኞች ነበሩ እንዳንል ሁሉንም በዓይናቸው አይተዋል። ሒሳባቸው ዱላው የሚያርፈው በሌላ ሰው ጀርባ ላይ ነው የሚል ነበር። ነግ በኔ ማለት ለካ የድሃ ፍልስፍና ኖሯል።

ጥበቡ ጄኔቭም ደረሰ። በ1935 ሙሶሊኒ እኛን ሲወር የመንግሥታቱ ማኅበር ቆፍጠን ብሎ ማዕቀብ ጣለበት፤ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል እንዳይሸጥለት ከለከለ። አትሳቁ፣ በዝርዝሩ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ነዳጅ ግን አልተከለከለም፤ የስዊዝ ቦይም ለጦር መርከቦቹ ክፍት ነበር። ሰውየው ቢከፋው ወደ ሂትለር ቢሄድስ? እናም አህያ የተከለከለው ጦር በአውሮፕላን መጥቶ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነበብን። በማግስቱ ማለት ይቻላል፣ ገና 1936 ሳያልቅ፣ ያልተከፋው ሙሶሊኒ ከሂትለር ጋር ተወዳጀ።

ነዳጁን ላለመከልከል ያን ያህል የተጨነቁት እንግሊዝና ፈረንሳይ ነበሩ። ጁን 10 ቀን 1940 ሙሶሊኒ በሁለቱም ላይ ጦርነት አወጀ።