ጀበና እንኳ ጆሮ አለው

የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ገበያ ላይ አንድ ጎረምሳ ጀበና አንስቶ በጣቱ ያንኳኳል። የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ይሄኛው ጮኸ። ዋጋው ሲነገረው፣ «ለአፈር ይሄን ያህል?» አለ። ሸክላ ሠሪዋም፣ «አፈሩማ እግርህ ሥር በነፃ አለልህ፤ ዝገንና ቡና አፍላበት!» አለችው።

ከእሷ ተምሬ እኔም ልመልስ።

«ሸክላ ለማየት ሙዚየም ምን አስኬደኝ? የእናቴ ጓዳ ሞልቷል» ላልከኝ፦ ጓዳው ሞልቷል፤ መቼ ዞር ብለህ አየኸው? እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥት የተኙበት ክፍል ባለበት ቤት፣ የገጠር እናቶች ሸክላም ቦታ አግኝቷል። አንተ ጓዳ የከለከልከውን ቤተ መንግሥት አስገብቶታል!

«ያለ ማሽን የተሠራ ኋላ ቀር ነው» ላልክ፦ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ ደርባ፣ በጠጠር አለስልሳ፣ በኩበት እሳት አብስላ፣ በዓይኗ ብቻ ክብ ታወጣለች። አንተ ኮምፓስ ይዘህ ክቡን አጣመምከው!

«ገል ምን ይናገራል?» ላልክ፦ እንጨት ይበሰብሳል፣ ጨርቅ ያልቃል፤ ገል ይቀራል። ድሬዳዋ አጠገብ፣ ሐርላ ላይ የተገኘው የቻይና ሸክላ ስባሪ የጥንቱ ንግድ እስከ የት እንደ ደረሰ መስክሯል። የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች፣ ኖራና አስባሪ፣ ከነድንጋይ መስጊዶቻቸው ፍርስራሽ በእኛው በሸዋ ሮቢት ደጅ ናቸው። እዚያ ገል ብታይ ኪስህ አትክተት፤ ከቦታው የተነሳ ገል ምስክርነቱን ያጣል።

«ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት» ላልክ፦ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ያሳወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልሰማህም? ጀበና እንኳ ጆሮ አለው፤ ያንተ የት ገባ? በእጇ ምጣድ የተጋገረውን ስትበላ ያልፈራኻት፣ ከጠገብክ በኋላ ነው የምትፈራት?

ጋን በጠጠር ይደገፋል፤ የሸክላ ሙዚየምም የሚቆመው በሸክላ ሠሪዋ ነው። የይፋት ገል በይፋት አጠገብ፣ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ይገባዋል፤ ከዕቃው ሥር ደግሞ የሠሪዋ ስም ይጻፍ። እስከዚያው፣ ወንድሜ፣ ጀበና ስትገዛ ስሟን ጠይቅ፤ ሳትከራከርም ክፈላት።