ያለ ባዕድ ወዳጅ ተመርቆ የመመለስ ዘዴ

ውጭ አገር ተምረው፣ ከአገርዎ ልጅ በቀር ማንንም ሳያውቁ መመለስ ከፈለጉ፣ ዋናው ጠላትዎ የዶርሙ የጋራ ኪችን ነው። እነ ሊዮን ፌስቲንገር እ.ኤ.አ. በ1950 ስለ ኤምአይቲ የባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ፎቅ ላይ በር ለበር ከሚኖሩት 41 በመቶ ያህሉ በወዳጅነት ሲጠሩ፣ በፎቁ ዳርና ዳር ከሚኖሩት ግን 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ተጠርተዋል። በመካከላቸው ያለው ጥቂት ሜትር ነው። ሰውን የሚያወዳጀው እንግዲህ ሳይቀጣጠሩ ደጋግሞ መገናኘት ነው። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የሚያበስሉ ከሆነ እርስዎ በአምስት ሰዓት ያብስሉ፤ ሳህንዎን ይዘው ክፍልዎ ይግቡ፤ በሩንም ይዝጉ።

ከኪችኑ ካመለጡ የሚቀረው የሰዓት ጉዳይ ነው። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ትውውቅ ተራ ጓደኝነት እስኪሆን 50 ሰዓት ያህል፣ የልብ ወዳጅነት እስኪሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ ይጠይቃል። ይህ ለእርስዎ የምሥራች ነው፤ ሰዓቱን ለብዙ ሰው ከበተኑት ለማንም አይደርስም። በአቀባበሉ ሳምንት ያገኙትን ሰው ሁሉ ስልክ ይቀበሉ፤ «አንድ ቀን ቡና እንጠጣ» ይበሉ፤ ቀን ግን አይቁረጡ። ቀን እንቁረጥ የሚል ከመጣ፣ «ቋንቋዬ እስኪስተካከል ይቆይ» ይበሉት። ቋንቋ የሚስተካከለው በማውራት ስለሆነ ያ ጊዜ እንዳይደርስ ዋስትና አለዎት።

«የአገር ልጅ ናፍቆት ያስታግስ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። እነ ስቲቨን ቦችነር እ.ኤ.አ. በ1977 በሃዋይ ስለሚማሩ የውጭ ተማሪዎች ሲጽፉ፣ የአገር ልጅ ባህልን ለማቆየት፣ የአገሬው ሰው ለትምህርትና ለጉዳይ፣ የሌላ አገር ተማሪ ለመዝናናት እንደሚፈለግ አሳይተዋል። ዘዴው እንግዲህ የአገር ልጅን መያዝ ብቻ ሳይሆን ሦስቱንም ሥራ እሱ ላይ መጫን ነው። አደራ፣ ኮሪያዊውን ጎረቤትዎን ቡና እንዳይጠሩት፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚፈጀው ጊዜ ከ200ው ሰዓት ላይ ይቆጠራል።

«ጥፋቱ የአገሬው ነው፤ አብሮ አደግ ስላለው እንግዳ አያስጠጋም» የሚለውም ብዙ እውነት አለው። የውጭ ተማሪን ለብቻው የሚያሳድር ዩኒቨርሲቲም ሥራዎን ያቀልልዎታል። የአብሮ አደጉ ምክንያት ግን ለናይጄሪያዊውና ለቬትናማዊው አይሠራም፤ እነሱም እንደ እርስዎ አብሮ አደጋቸውን ትተው የመጡ፣ ምሽታቸው ባዶ የሆነ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እነሱን ይሽሹ። አንዱ እንኳ ከቀረበዎት፣ ሲመለሱ ለዘመድ የሚነግሩት «ፈረንጅ አይቀረብም» ሰበብ አይሆንም።