ሀዋሳ፣ እጃችሁን አንሱ!

ነገሩ የሆነው ወላይታ ሶዶ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ግራ እንዳትጋቡ ብዬ ነው፤ እኛማ ተጋብተን ወጥተናል።

የልጅነታችን የሙዚቃ ቡድን «ከዓመታት መለያየት በኋላ ዳግም በአንድ መድረክ» ሊታይ በጊፋታ ማግስት ከተማችን እንደሚገባ የሚያበስረው ባነር የተሰቀለ ዕለት ጓደኛዬ ደወለልኝ። «አየኸው?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ዘማሪ ዘፈን ያለበት ደጃፍ ላይ ከታየ ወሬው ከሱ ቀድሞ ሽማግሌዎቹ ጋ ይደርሳል። እናም ለሚስቱ «ለቅሶ ልደርስ ነው» ብሎ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ መጣ። ዋሽቷል ለማለት ዛሬ እቸገራለሁ።

የቡድኑን ስም አልጠራም። አንደኛ ማስታወቂያ ይሆንላቸዋል፤ ሁለተኛ ደግሞ ነገሩ የእነሱ ብቻ ፈጠራ አይደለም። ዘንድሮ በየከተማው የሚዞረው ዕቃ ይኸው ነው።

እኔና እሱ እነዚህን ሰዎች ያወቅናቸው በካሴት ነው። ከሰፈራችን ኦርጅናሉን የገዛ አንድ ልጅ ነበር፤ የቀረነው ከሱ ላይ ያስቀዳን፣ ካስቀዳው ላይ የቀዳን፣ ከቀዳው ላይ ደግሞ መልሰን የቀዳን ነን። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ሲብስበት በጥርሳችን ነክሰን ጥቂት ደቂቃ እንለምነዋለን። ዘፋኙ ድምፁ እየተጎተተ እንደ ሽማግሌ ማዜም ሲጀምር ድንጋዩ ማለቁን እናውቃለን። አንድ ቀን ቴፑ ካሴቱን በላው። ክሩን በመቀስ ቆርጬ በእህቴ ኩቴክስ አጣበቅሁትና ዳነ፤ ግን ከሁለተኛው ዘፈን አዝማች ላይ አንድ ቃል ጠፍታ ቀረች። እስከ ዛሬ ያንን ዘፈን ሳንጎራጉር እዚያ ቦታ ስደርስ እዘላለሁ።

ይህን ሁሉ የምተርከው እንዴት ያለ ፍቅር ይዘን ትኬት እንደቆረጥን እንዲታወቅልን ነው።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ከምሽቱ 12 ነበር። ዘፋኞቹ መድረክ የወጡት 4 ሰዓት ላይ ነው። በመካከሉ ያለውን አራት ሰዓት ወንበር በማጥናት አሳለፍን። መደበኛው ቆሞ ነው የሚያየው። ቪአይፒ የፕላስቲክ ወንበር አለው። ቪቪአይፒ ያው የፕላስቲክ ወንበር ሆኖ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ከኋላውም እንደ ሙሽራ ቀሚስ ሪቫን ታስሮበታል። ከሁሉም ፊት ሶፋዎች ተደርድረው ባለቤቶቻቸውን እየጠበቁ ነበር፤ ባለሶፋዎቹ ከዘፋኞቹም ዘግይተው መጡ።

በመጨረሻ መድረክ መሪው ብቅ ብሎ «ዮዮ ጊፋታ!» አለ። ሦስት ጊዜ አለው፤ ለወላይታ ባህል የተመደበው ጊዜ በዚሁ ተጠናቀቀ። ዘፋኞቹም ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ዱንጉዛ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ድሮ አምስት ነበሩ። ሁለቱ አሜሪካ ናቸው። አንዱ ጌታን ተቀብሎ ዘማሪ ሆኗል (ጓደኛዬ አሁንም የሚሰማው እሱን ነው፤ በፈቃድ)። ስለዚህ ከዓመታት መለያየት በኋላ ዳግም የተገናኙት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ካፌ የሚገናኙት ሁለቱ ናቸው።

ከኋላቸው ድራም፣ ኪቦርድና ጊታር ሞልቷል። ዓይኔ ጊታሩ ላይ አረፈ። ገመዱ የትም አልተሰካም።

«ገመድ የለውም» አልኩት ጓደኛዬን።

«ዋይፋይ ይሆናላ» አለኝ።

ዲጄው ከኪሱ ፍላሽ አወጣ። የባንዱ ሙሉ አባላት በዚያች ጥፍር በምታህል ነገር ውስጥ ታጭቀው ከአዲስ አበባ ድረስ መምጣታቸውን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። አበል የለ፣ አልጋ የለ፣ ቁርስ የለ።

እንዳትሳሳቱ፤ ፕሌይባክን ልነቅፍ አልተነሣሁም። ላመሰግን ነው። ዘፋኙ ውሃ ሲጠጣ ዘፈኑ አልተቋረጠም። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ የአልበሙን ከፍተኛ ዜማ ያለ አንዳች ጭንቀት አወጣው። ማይኩን ወደኛ አዙሮ «እናንተ!» ሲለን እንኳ ድምፁ አልተለየንም፤ ደክመን እንደሆነ ሊያግዘን አብሮን ዘፈነ። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ ሆዱ ቢገፋም፣ ጠጉሩ ቢሳሳም፣ ድምፁ አንዲት ሽበት አላበቀለም። ያቺ በኩቴክስ ያጠፋኋት ቃልም በድምፅ ማጉያው ጥርት ብላ ወጣች። እኔ ግን በለመድኩት ቦታ ዘለልኩ፤ አዳራሹ ውስጥ በገዛ ጉሮሮው ሲዘፍን ስህተት የሠራ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እነዚህን ሳይ ለድሮዎቹ ሙዚቀኞች አዘንኩ። ምን ያህል ከንቱ ለፍተዋል! ዋልያስ ባንድ ሂልተን ውስጥ ሌሊቱን በእጁ ሲጫወት የኖረ ነው፤ በደርግ ሰዓት እላፊ ዘመን በር ተዘግቶ ታዳሚው እስኪነጋ መውጣት ሲያቅተው ሙዚቀኛውም አብሮ ያነጋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ሲያበቁ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። ታዲያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ እንደ ሰው አርፎ መተኛት ሲችል፣ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። አድማጭ የለ፣ ከፋይ የለ፣ ባነር የለ! እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው አልበም በ2013 እንደገና ታትሞ የዓለም መድረክ ሲጠራው ጣቶቹ ተዘጋጅተው ቆዩት። አንዲት ፍላሽ የሚሰጠው ወዳጅ ቢኖረው ያ ሁሉ ልፋት ምን በወጣው?

ማሕሙድ አሕመድም ያው ነው። ጥር 2017 ሚሊኒየም አዳራሽ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን ሲሰናበት ዕድሜው 83 ነበር። በዚያ ዕድሜ ምን መድረክ አስወጣው ትሉ ይሆናል። ሥራ የጀመረው መርካቶ ጫማ በመጥረግ ነው፤ እዚያ የለመደው መሆን አለበት። ጫማ በፕሌይባክ አይጠረግም። ብሩሽና ቀለም ይዘው ከወላይታ አዲስ አበባ የገቡ ልጆቻችንን ጠይቋቸው፤ ደንበኛው እግሩን ዘርግቶ ነው የሚጠብቀው፣ እጅ ካልተንቀሳቀሰ ጫማው አይወለወልም።

ፈረንጆቹ ደግሞ ይብሳሉ። ሚሊ ቫኒሊ የተባሉ ሁለት መልከ መልካም ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1990 ግራሚ ተሸለሙ። በዚያው ዓመት፣ አልበማቸው ላይ ያለው ድምፅ የራሳቸው አለመሆኑ ሲታወቅ ሽልማቱ ተነጠቀ። ጭካኔ ነው። የኛዎቹ ቢያንስ የሰረቁት የገዛ ድምፃቸውን ነው።

አንድ አልበም ውስጥ አንድ ወላይትኛ ጣል ማድረግ የቆየ ልማድ አይደል? እነዚህም ነበራቸው፤ ለኛ ክብር ብለው ዘፈኑት። ዘፋኙ ግጥሙን ድሮም በቃሉ አላወቀው ይሆናል፣ አሁን ደግሞ ጨርሶ ረስቶታል። አፉ አማርኛ ሲናገር ድምፁ ወላይትኛ ይዘፍናል። ጓደኛዬ ከንፈሩን ትኩር ብሎ ተመለከተና «በልሳን ይሆን?» አለኝ።

ከዚያ ያ ቃል መጣ። ዘፋኙ ጀርባውን ሰጥቶን ወገቡን ሊያናውጥ እየሞከረ ነው። ማይኩ ጭኑ አጠገብ ተንጠልጥሏል። ድምፁ ግን ከማጉያው እንዲህ ሲል ጮኸ፦ «ሀዋሳ! እጃችሁን አንሱ!»

አስቡት። ያለነው ከዳሞታ ሥር ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ለማኅተም፣ ለዝውውር፣ ለይግባኝ ሀዋሳ ስንመላለስ የኖርን ሰዎች ነን። ነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ እፎይ፣ ከእንግዲህ ጉዳያችን እዚሁ ነው ብለን ነበር። ደብዳቤው ለፍላሹ አልደረሰውም።

እኛ ምን አደረግን? እጃችንን አነሣን። አዎ፣ እንዳለ አዳራሹ አነሣ። ጓደኛዬም ኮፍያውን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን አነሣ።

«ምን ነካህ? ሀዋሳ እኮ ነው ያለው» አልኩት።

«ከፍዬበታለሁ» አለኝ።

ያልሰሙም ነበሩ። አይፈረድባቸውም፤ ቪዲዮ እየቀረጹ ነው። እኔ መድረኩን በአብዛኛው ያየሁት ፊቴ የቆመው ልጅ ስልክ ላይ ነው። ሌላ ከተማ የተቀዳውን ድምፅ እሱ ቀዳው፤ ከሱ ላይ ወንድሙ ይቀዳዋል፣ ከወንድሙ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ይቀዱታል። ልጅነታችን በእርግጥ ተመልሷል፤ የቀረው የባትሪ ድንጋይ መንከስ ብቻ ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ ርቦናል። ያልተዘጋ ሥጋ ቤት ፈልገን ገባን። ጓደኛዬ ባለቢላውን «ከዚህኛው አይደለም፣ ከዚያኛው፤ እኔ እያየሁ ቁረጠው» አለው። ቀጥሎ ዳጣውን በጣቱ ጫፍ ቀምሶ «ይኼ የትናንት ነው» ብሎ መለሰው። ሌላ መጣለት። እሱንም አጣጥሞ ነው የተቀበለው። ይህን ያደረገው ከአንድ ሰዓት በፊት ሀዋሳ ተብሎ እጁን ያነሣው ሰው ነው።

እኔን የገረመኝ ይኼ ነው። እኛ እኮ የዋዛ ደንበኞች አይደለንም! ባለሥጋ ቤቱ የአምናውን ቁርጥ ፎቶ ሳህን ላይ አድርጎ ቢያቀርብልን፣ ቢላውንም ለጌጥ አጠገቡ ቢያጋድም፣ ሱቁ ጧት አይከፈትም ነበር። በኳስም ያው ነን። ወላይታ ዲቻ በ2010 ዛማሌክን የሚያህል የካይሮ ቡድን በመለያ ምት ከኮንፌዴሬሽን ካፕ ያሰናበተው በእግሩ ነው። ነገ ስታዲየም ጠርተውን፣ የዚያን ቀን ጨዋታ በስክሪን እየለቀቁ ተጫዋቾቹ ከሥሩ ቢሯሯጡልን፣ ጎሉም ሲገባ ተቃቅፈው ቢወድቁ፣ ማን ዝም ብሎ ያያል? ለሥጋና ለኳስ ዓይናችን እያየ ይሁንልን እንላለን። ዘፈን ሲሆን ግን የመጣልንን እንውጣለን፤ ሪቫን ከታሰረበትማ በእጥፍ እንከፍላለን።

ጓደኛዬ ሥጋውን እያላመጠ ስለ መዘምራኑ አጫወተኝ። ለአንድ መዝሙር በሳምንት ሦስት ምሽት ይለማመዳሉ፤ ከሥራ መልስ፣ ያለ ክፍያ። ባለፈው አንዱ ሳይለማመድ መጥቶ አፉን ብቻ ሲያንቀሳቅስ መሪያቸው አይቶት፣ ሁለት እሁድ ከምዕመናን ጋር እንዲቀመጥ አድርጎታል። «አንድ ብር ሳይከፈለው!» አለኝ፣ ግራ እንደገባው ሁሉ።

ከኮንሰርቱ በፊት በነበረው እሁድ፣ በጊፋታ ዕለት ማለት ነው፣ ከተማው በጭፈራ ሲናወጥ ውሏል። ማንም ትኬት አልቆረጠም፤ ባለሶፋም አልነበረም። በማግስቱ ድምፃቸው ሰልሎ ሻይ በምልክት የሚያዙ ወጣቶች አይቻለሁ። ለቡድኑ ይህን መንገር ይገባ ነበር፤ ሶዶ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጉሮሮ በነፃ ይገኛል፣ ፍላሽ ላይ ግን አይጫንም።

ጓደኛዬ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ለቅሶው እንዴት ነበር?» ብላ ጠይቃዋለች። «ሰው ብዙ ነበር፤ ሟቹ ግን ይንቀሳቀሳል» ብሎ ተኛ።

መድረክ መሪው እንደተናገረው፣ ቡድኑ በሚቀጥለው ሳምንት ዲላ ነው። የዲላ ወንድሞችና እህቶች፣ «ሀዋሳ፣ እጃችሁን አንሱ» ሲባል ወዲያ ወዲህ አትዩ። እናንተን ነው።