ሃያ ዘጠኝ ደሴ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ይህን የነገርኳቸው አጠገቤ ለተቀመጡት እናት ነበር፤ ልጃቸውን ሊያርሱ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ የደሴ ሰው ናቸው።

«ከደሴ አዲስ አበባስ ስንት ነው?» አሉኝ።

«400 ገደማ።»

ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩና፣ «ሃያ ዘጠኝ ደሴ ነዋ!» ብለው አማተቡ። አንዱን ደሴ አውቶቡስ ውስጥ ተኮራምተው ሲጨርሱ ቀኑ እንደሚመሽ የሚያውቅ ሰው ቢያማትብ አይፈረድበትም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ከቦሌ ተነሳን። ያኔ በረራው በደብሊን በኩል ነበር። ሊነጋጋ ሲል አረፍን፤ ጎማው መሬት ከመንካቱ እማማ ቀበቷቸውን ፈትተው «ወራጅ አለ!» አሉ።

«እማማ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ነው እንጂ ወራጅ የለም።»

«ቦሌ ነዳጅ ጠፍቶ ነው?»

ነዳጅስ አልጠፋም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ የሞተሩንም የክንፉንም ጉልበት ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ጢም ብሎ የሞላ አውሮፕላን፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ከተጨመረበት መነሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ ጎደል አድርጎ ይነሳና መንገድ ላይ ይሞላል። ይህን ሳስረዳቸው ፊታቸው ጨፈገገ።

«የኔ በርበሬና ሽሮ ነው ያቆመን በለኛ!»

ከደብሊን ስንነሳ ነግቶ ነበር። ፀሐይዋን እየተከተልን ወደ ምዕራብ ስለበረርን ጠዋቱ አላልቅ አለ። ከሰባት ሰዓት በላይ በርረን ዋሽንግተን ስናርፍ፣ የአገሩ ሰዓት ገና ከጠዋቱ 2 ነው። የእማማ የእጅ ሰዓት ግን ከቀኑ 9 ይላል። ወሩ ሐምሌ ነበርና ልዩነቱ ሰባት ሰዓት መሆኑን ነገርኳቸው።

«አሜሪካ ነው ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረው? ሠልጥኗል ሲሉ አልነበር እንዴ!»

ሻንጣ ስንጠብቅ መመለሻውን ጠየቁኝ። እዚያ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ከኋላ ይገፋል። ስንመጣ 16 ሰዓት ተኩል የፈጀው መንገድ፣ ሲመለሱ ያለማቋረጥ በ13 ሰዓት ግድም ያልቃል።

«ያው ሃያ ዘጠኝ ደሴ፣ ሲመጡ ሩቅ፣ ሲመለሱ ቅርብ?»

«አዎ እማማ።»

«እሱን ለልጄ ንገርልኝ። ሩቅ ነው እያለች ነው ስንት ዓመት የቀረችው።»

እናቱን ወደ አሜሪካ የሚያስመጣ ሁሉ ኪሎ ሜትሩን ይተወውና ሰዓቱን ይንገራቸው፤ አውሮፕላኑ ለነዳጅ የሚቆም ከሆነም ወራጅ አለመኖሩን አስቀድሞ ያሳውቃቸው።