«ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው»

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ይጠፋል። ሲጠፋ አያስጠነቅቅም፤ ድርግም ነው። አንዳንዴ ጠፍቶ ይቀራል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ራሱ ተነስቶ፣ ብርሃኑን አብርቶ፣ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። «ምን ሆኖ ነው?» ሲሉት የልጁ መልስ አንድ ነው፦ «እንጃ፤ ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው።»

ዕቃው ተራ ዕቃ አይደለም። ጌሚንግ ኮምፒውተር ነው። አንድ ጎኑ መስታወት ሲሆን ውስጡ ቀይ፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ እየተቀያየረ ይበራል። ማታ መብራቱን አጥፍተን ስናየው ሳሎኑ የሠርግ አዳራሽ ይመስላል። ግራፊክስ ካርዱ፣ አርቲኤክስ 3070፣ ከዱባይ በአክስቱ ሻንጣ፣ በሁለት ፎጣ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። ቤተሰቡ ውስጥ እንደዚያ ተጠቅልሎ የመጣ ሕፃን እንኳ የለም።

መጥፋት በጀመረ ሳምንት ሁሉም ሐኪም ሆነ። እህቴ «ደክሞት ነው» አለች። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስፈጋው ያድራል፤ ብረትም ቢሆን እኮ ያርፋል።» የልጁ ጓደኞች የተለየ መላ ምት አላቸው፦ ኮምፒውተሩ የሚጠፋው ልጁ ኳስ ጨዋታ ላይ ሁለት ለባዶ ሲመራ ሳይሆን ሁለት ለባዶ ሲመሩት ነው። ልጁ በእናቱ ስም ይምላል። እነሱ ይስቃሉ።

ከሁሉ የተሳቀው ግን በጎረቤታችን ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ቡናቸውን ፉት ብለው፦ «የሚጠፋው ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ኮምፒውተሩ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በልጁ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ በታክሲ ወደ ሠሪ ቤት ሄደ። ሠሪው ሳይከፍተው፣ ሳይጠይቅ፣ «ፎርማት ይደረግ» አለ። ፎርማት የእኛ ሰፈር ፀበል ነው፤ ለማይታወቅ በሽታ ሁሉ ይታዘዛል። ተደረገ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀን በራ፤ አንዴም አልጠፋም። ለምን ይጠፋል? ባዶ ስክሪን ላይ የተራራ ፎቶ እያሳየ ሲውል ምን አድክሞት? ቤት በገባ በሃያ ደቂቃው ጠፋ። እንደገና ተወሰደ፣ እንደገና ፎርማት። በሦስተኛው የአያቱ የሰማንያ ዓመት ልደት ፎቶዎች አብረው ታጠቡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? ዳውላው ሦስቴ ተደበደበ።

ከዚያ ጉዳዩ ወደ እኔ መጣ። ባለሙያ አይደለሁም፤ ያለኝ ጠመንጃ መፍቻና የጡረተኛ ያህል ትዕግሥት ነው። መጀመሪያ ጎኑን ከፈትኩት። አቧራ! መንገዱ በተቆፈረ ቁጥር የገባው ሁሉ እዚያ ሰፍሯል። ከፊት መኖር የነበረበት የአቧራ ወንፊት የለም። «የት ሄደ?» ብለው «መብራቱን ይጋርዳል ብዬ አወጣሁት» አለ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ጨዋታ ላይ 95 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ጠርገን፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል ያለውን የደረቀ ቅባት ቀይረን፣ ወደ 74 ወረደ። አዲስ አበባ ብርድ ናት ብሎ መዘናጋት ደግሞ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ይዞራል፤ የሚገፋው አየር ግን ያንሳል። ብርዱ ለእኛ ለጋቢ ለባሾቹ ነው የበዛው።

ሙቀቱ ወረደ፤ ኮምፒውተሩ ግን መጥፋቱን አልተወም።

ዊንዶውስ ውስጥ የሆነው ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ አለ። ከፈትነው። በየመጥፋቱ ላይ አንድ ቀይ ምልክትና «ከርነል ፓወር 41» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ልጁ «አገኘነው!» ብሎ ዘለለ። እኔም ለአፍታ አመንኩ። 41 ማለት ግን ሲተረጎም «ኮምፒውተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ ተነስቷል» ከማለት አያልፍም። ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ ዘበኛ፣ ጠዋት በሩ ተሰብሮ ሲያገኝ «ሌሊት አንድ ነገር ሆኗል» እንደሚለው ነው። እሱን ለመስማት ዘበኛ መቅጠር አያስፈልግም ነበር።

መዝገቡ አንድ ጥቅም ግን ነበረው፦ ሰዓት ይጽፋል። ደብተር ገዛሁ። ለ12 ቀን መቼ እንደጠፋ፣ ልጁ ምን ሲሠራ እንደነበር፣ ቤት ውስጥ ምን እንደበራ ጻፍኩ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ኮምፒውተሩ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። «በ7:40 ምን ታደርጊ ነበር?» ስላት እህቴ «በሰባት ሰዓትማ ለቅሶ ቤት ነበርኩ፤ እነ እማማን ጠይቅ» ብላ ምስክር ጠራች። አንድ ሰዓት ከአርባ ማታ ማለቴ መሆኑን እስካስረዳ ተቀየመችኝ። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይማ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ስትሰካ ነበር!

ዘጠኝ ጊዜ ጠፍቶ ሦስቱ ምጣድ ሲሰካ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። በዚያ በቀጭኑ የቤታችን መስመር ላይ ሲለኮስ አምፖሉ ሁሉ አንዴ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ልጁ ምርመራው ስላለቀ ደስ ብሎት ሮጦ ዩፒኤስ ገዛ። 650 ተጽፎበታል። ያ ቁጥር ግን ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም፤ እንዲህ ያሉት ዩፒኤሶች በዋት ሲለኩ አብዛኞቹ ከ400 በታች ናቸው። ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን 220 ዋት ይበላል፤ ፕሮሰሰሩና የሠርግ አዳራሹ መብራት ሲደመር አስቡት። ምጣዱ ተሰካ፤ ዩፒኤሱ ጮኸ፤ ሁለቱም ጠፉ። ድሮ በዝምታ ይጠፋ የነበረው አሁን በእሪታ መጥፋት ጀመረ።

የቀሩት ስድስቱስ? ምጣድ የለ፣ ምን የለ። ደብተሩን ሳገላብጥ የሹፌሩ ጥያቄ መጣብኝ። ፊልም ሲያይ አንድም ቀን አልጠፋም። የቤት ሥራ ሲጽፍ አልጠፋም (የቤት ሥራ የተጻፈው አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ ይህን እንደ ጠንካራ ማስረጃ አላቀርብም)። ዘጠኙም፣ ምጣዱ ያለበትም ጭምር፣ ከባድ ጨዋታ ላይ ነው። ዘጠኙም ዳገት ላይ!

«ፓወር ሰፕላዩን ስንት ገዛኸው?» አልኩት።

«እሱ ከኬሱ ጋር ምርቃት ነው የተሰጠኝ።»

ምርቃት! ቲማቲም ላይ ምርቃት ደስ ይላል። ፈትቼ አወጣሁት፤ እንደ ባዶ ጀበና ቀለለኝ። ጎኑ ላይ 650 ዋት የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀት ደግሞ የተጻፈበትን ሁሉ ይችላል። ግራፊክስ ካርድ ዳገት ሲጀምር ለጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ከተጻፈለት እጅግ አልፎ ይስባል። ደህና ፓወር ሰፕላይ ይሄን ይችላል፤ መብራት ብልጭ ሲልም ለ16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይዞ ያሳልፋል። ምርቃቱ ትንፋሽ የለውም። ከመቃጠል መጥፋት ይሻለኛል ብሎ ራሱን ይዘጋል። ቤቱ ውስጥ በማስተዋል ሲሠራ የነበረው እንግዲህ እሱ ብቻ ነበር።

ደህናውን ግዛ ስለው ፊቱ ጠቆረ። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ አይታይም፤ ከታች ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው። መብራትም የለው።» ልጁን ብቻ አልፈርድበትም። የግቢውን በር በእምነበረድ አስለብጦ ውሃ ሲጠፋ ባልዲ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አለን፤ ታንከር ከጣሪያ በላይ ማን ያይለታል?

ተገዛ። ከባድ ነው፣ ጥቁር ነው፣ አያበራም። ለሹፌሩ ሄጄ ነገርኳቸው። «ብያለሁ» እንኳ አላሉም፤ «ነዳጅ ፓምፑ ነበራ» ብለው ቡናቸውን ቀጠሉ።

ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ኮምፒውተሩ አልጠፋም። ምጣድ ይሰካል፣ አምፖል ይጨፍናል፣ እሱ ያበራል። ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቹ መጥተው ሲጫወቱ ከጀርባ ተቀምጬ አየሁ። አራት ለባዶ። ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ አምስተኛው ሊገባ ሲል ስክሪኑ ድርግም አለ።

«አያችሁ!» አለ ልጁ፣ «ዛሬም ዝም ብሎ ጠፋ!»

እጁ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከማብሪያው ቁልፍ ላይ ገና አልተነሳም ነበር።