የመማገጥ ሐሳብና ልኬቱ በጅማና በዙሪያዋ የቡና ከተሞች

በትዳር ወይም በፍቅር የተጣመረ ሰው ከጓደኛው ተደብቆ ወደ ሌላ መሄዱ፣ በተለምዶ መማገጥ የሚባለው፣ ከተፈጸመ በኋላ የሚመረምሩት ሽማግሌዎች፣ ዳኞችና ጎረቤቶች ከጥንት ጀምሮ ታጥተው አያውቁም፤ ገና በሐሳብ ሳለ ልንለካው እንችላለን ብለው የተነሡት ግን የሥነ ልቦና ምሁራን ናቸው። ዳንኤል ጆንስ፣ ሳሊ ኦልደርባክና ኦሬሊዮ ፊጌሬዶ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት መለኪያ ሰባት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ መላሹ እንደማይያዝ ቢያውቅ ይማግጥ እንደሆነ፣ ከማገጠ በኋላ ይዋሽ እንደሆነ፣ መልከ መልካም ሰው ሲተዋወቅ ጓደኛ ያለው መሆኑን ይደብቅ እንደሆነና ይህን የመሳሰለውን ይጠይቃል። መልሶቹ በእርከን ተቆጥረው ይደመራሉ፤ ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሐሳቡ የጸና ነው ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መለኪያው ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ቢደርስ የሚገጥመውን መመርመር ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት «እንደማይያዙ ቢያውቁ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ ነው። በአንዲት የቡና ከተማ የባጃጁ ሾፌር የሚስት ዘመድ፣ የፔንሲዮኑ እንግዳ ተቀባይ የእቁብ አባል፣ ጫት ሻጯ ደግሞ የአማት ጎረቤት በመሆናቸው፣ መላሹ ጥያቄውን የሚረዳው ስለ ምግባሩ ሳይሆን ስለ መልክዓ ምድር እንደቀረበ ጥያቄ ነው፤ «የት ከተማ?» ብሎም መልሶ ይጠይቃል። የአጋሮው ሰው ጅማን፣ የጅማው ሰው አዲስ አበባን ያስባል። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የአስፋልት መንገድ ሆኖ ሳለ «መሸብኝ፣ እዚያው አደርኩ» የሚለው ምክንያት እስከ ዛሬ ማገልገሉ የሚያሳየው፣ መንገዱ ቢሻሻልም ምክንያቱ መሻሻል እንዳላስፈለገው ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት አስተማማኝነት ነው፤ ይህም አንድ መለኪያ ለአንድ ሰው በተለያየ ጊዜ ሲቀርብ ተቀራራቢ ውጤት መስጠቱ ማለት ነው። አይሴክ አይዘን የተባለው ምሁር በ1991 እ.ኤ.አ. ባብራራው ንድፈ ሐሳብ መሠረት የሰው ውጥን ከሦስት ነገሮች ይመነጫል፤ እነዚህም ስለ ድርጊቱ ያለው አመለካከት፣ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ስጋትና ድርጊቱን ለመፈጸም አቅም አለኝ የሚለው እምነት ናቸው። ይህ ሦስተኛው በጅማ ዙሪያ በቡና ለቀማ ወቅት ይመራል። በሐምሌ፣ ጭቃው ከጉልበት ሲደርስና ኪስ ሲደርቅ፣ ከቡና ነጋዴው የበለጠ ታማኝ ባል አይገኝም፤ በታኅሣሥ፣ የእሸት ቡናውና የጀንፈሉ ሒሳብ ተጠቃሎ እጅ ሲገባ፣ ያው ሰው ያንኑ ቅጽ በሌላ እርከን ይሞላል፣ አለዚያም ለመሙላት ጊዜ ያጣል። በረመዳንና በሁዳዴ የተሞሉ ቅጾች ደግሞ ከሁሉም ንጹሕ ስለሚሆኑ ለብቻቸው መመደብ አለባቸው።

ሦስተኛው እንቅፋት መላሾች እውነቱን ትተው የሚያስከብራቸውን መልስ መምረጣቸው ነው። ክራውንና ማርሎው የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ይህን ዝንባሌ ለመያዝ በ1960 እ.ኤ.አ. 33 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ሌላ መለኪያ ሠርተዋል፤ ይህም ማለት የመጀመሪያውን ውሸት ለማወቅ ሁለተኛ ቅጽ ማስሞላት ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ረገድ ቡናው ከሰው ይሻላል። ቡና ለደረጃ ሲቀርብ ናሙናው ቀማሹ ባለቤቱን እንዳያውቅ በምስጢር ቁጥር ይለያል፣ ጥሬው ከ40፣ ስኒው ከ60 ይታረማል፣ ሽታና ጉድለቱም ይመዘገባል፤ ጅማ አምስት የተባለውም ደረጃ አምስት መሆኑን ደብቆ አያውቅም። የሰው ቅጽ ግን «ስም አይጻፍ» ተብሎ ቢታደልም የሚያድለው ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ መላሹ የሚጽፈው እናቱ ጆሮ ቢደርስ የማያሳፍረውን ነው።

በቃልና በድርጊት መካከል ያለው ርቀትም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሪቻርድ ላፒየር የተባለ አሜሪካዊ የሶሺዮሎጂ ምሁር ከቻይናውያን ባልና ሚስት ጋር እየተጓዘ በ251 ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ሲስተናገድ የከለከለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ በኋላ በደብዳቤ ሲጠይቅ ግን ከመለሱት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቻይናውያንን አንቀበልም ብለው ጻፉ፤ ጥናቱም በ1934 እ.ኤ.አ. ታተመ። በወረቀት ላይ «አናስገባም» የሚል ባለ ሆቴል እንግዳው በር ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው መሆኑ ለጅማ ፔንሲዮኖች አዲስ ግኝት አይሆንም።

ሕጉም ለለኪዎች ብዙ አይረዳም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 652 በትዳር ላይ ማመንዘርን የሚያስቀጣው ተበዳዩ ባል ወይም ሚስት አቤቱታ ሲያቀርብ ሲሆን፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የመሰናዳት ተግባር እንኳ በመሠረቱ አያስቀጣም ይላል። ስለዚህ አዲስ ሸሚዝ መግዛት፣ ሁለተኛ ሲም ማውጣትና ስልክን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ መድፋት በፍርድ ቤት ዘንድ ምንም አይደሉም፤ ሐሳብማ ከነጭራሹ አይከሰስም።

እነዚህን ምልክቶች ሳይሰለች የሚመዘግብ ተቋም ያለው በቡና ጠጡ ላይ ነው። በአቦል ጥርጣሬው ይቀርባል፣ በቶና ምስክር ይሰማል፣ በበረካ ውሳኔ ይሰጣል፤ በማግስቱም ጉዳዩ በሌላ ቤት እንደገና ስለሚታይ አስተማማኝነቱ ይፈተሻል። የዚህ ተቋም ጉድለት ያልማገጠውንም ሰው በከፍተኛ እርከን ማስቀመጡ ነው፤ ይግባኝም የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። ሰባቱ ጥያቄዎች በጅማና በዙሪያዋ የሚለኩት የመላሹን ሐሳብ ሳይሆን ወቅቱን፣ የኪሱን ሁኔታና የመጠንቀቅ ችሎታውን ነው፤ ለምርምር የሚፈልጋቸው ቢኖር ወሩን ጽፎ ይጠቀምባቸው። ቅጹን አትሞ ለገዛ ሚስቱ ወይም ለገዛ ባሏ ይዞ የሚገባ ሰው ካለ ግን የራሱን ውጤት ማንም ሳይጠይቀው አስመዝግቧልና፣ የሚስቱን ወይም የባሏን መልስ መጠበቅ አያስፈልገውም።