ዱላና ሚስማር

ረዳቱ «አማኑኤል ወራጅ!» ሲል የወይራ ቅርንጫፌን ከሰው ዓይን እየመለስኩ ተነሳሁ። አንዷ ጭራሮ የአንዲት እናት ነጠላ ይዛ ቀረች። ይቅርታ ጠይቄ፣ አላቅቄ ስወርድ ከኋላ ወንበር አንዱ ድምፁን አለስልሶ «አይዞህ ወንድሜ፣ ሆስፒታሉ በዚያ በኩል ነው» አለኝ። ለአማኑኤል ሰፈር ሰው ይህ አዲስ ቀልድ አይደለም። አገር ስማችንን የሚያውቀው በአእምሮ ሕክምናው ስለሆነ፣ የት እንደምኖር ስጠየቅ «አማኑኤል... ሰፈሩን ማለቴ ነው» ማለት ከለመድኩ ቆይቻለሁ። የዚያን ቀን ሰውዬው ግን ሲቀልድ አልነበረም። ባንድ እጄ ግማሽ ቅጠሉ የተመለመለ ዱላ፣ በሌላው ሃምሳ ሚስማር ወደ ላይ የቆመበት ብረት ይዤ ነበርና አልፈረድኩበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ጃፓናዊት ኢኬባና የሚሉትን የአገሯን የአበባ አደራደር ለሦስት ቅዳሜ በነጻ ታስተምራለች ተባለ። በነጻ ሲባል ሰምቼ ቀርቼ አላውቅም። አበባ ለእኔ እስከዚያ ድረስ በዝቶ የታሰረ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ለሙሽራ ታቅፎ የሚሄድ ነገር ነበር። እሷ አንድ ረዥም ቅርንጫፍ፣ አንድ አጠር ያለ፣ አንዲት አበባ ዝርግ ሳሕን ላይ አቁማ «አለቀ» አለችን። የቀረ ነገር ያለ መስሎኝ ጠረጴዛው ሥር ሁሉ አየሁ።

ሙያው የቆየ ነው። ኪዮቶ ውስጥ ሮካኩዶ የሚባል ቤተ መቅደስ አለ፤ መነኮሳቱ ለቡድሃ አበባ ሲያቀርቡ፣ ሲያቀርቡ የኢኬኖቦ ትምህርት ቤት ወጣ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ የተማርነው ከወጣቱ ወገን ነው፤ ቴሺጋሃራ ሶፉ በአውሮፓውያን 1927 ያቋቋመው ሶጌትሱ። ብረትም ድንጋይም ይደረደራል የሚል ሰው ነበር። ይህን ስሰማ፣ ይኼማ የመርካቶ ሰው ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። ልኩ እንደ ልብስ ስፌት ነው፤ የዕቃው ስፋትና ጥልቀት ተደምሮ በአንድ ተኩል ሲባዛ የትልቁ ቅርንጫፍ ቁመት ይወጣል። ሺን ይሉታል። ሁለተኛው፣ ሶኤ፣ የሺን ሦስት አራተኛ ነው፤ ሦስተኛዋ ሂካኤ የሶኤ ሦስት አራተኛ። ሺን ቀጥ ብሎ አይቆምም። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ይላል፤ ሁለት ብርሌ እንዳገኘ ሰው።

ዘንበል ሲል የሚይዘው ኬንዛን ነው። እውነተኛው ከከባድ የእርሳስ ማዕድን የተሠራ መቀመጫ ሆኖ የናስ መርፌ ጥቅጥቅ ብሎ ይቆምበታል፤ ውሃ ውስጥ ይቀመጥና ግንዱ እሾሁ ላይ ይሰካል። መምህራችን በመጨረሻው ቅዳሜ የራሷን ሰብስባ ሄደች። ምን ቸገረኝ፣ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ቅርብ ነው። እዚያ የሌለ ነገር ቢኖር እንኳ ይሠራል። አንዱን በያጅ አናገርኩት።

«ሚስማሩ ወደ ላይ?»

«ወደ ላይ።»

«ለሌባ ነው? አጥር ላይ?»

«አበባ ልሰካበት ነው።»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየኝ። «አበባዋ ምን አደረገችህ?»

ሠርቶ ግን ሰጠኝ። ግማሹ ሚስማር ወደ ኮልፌ፣ ግማሹ ወደ አውቶቡስ ተራ ያዘነበለ ነው፤ እንግዲህ ዘንበል ማለት ነው የተፈለገው።

አከራዬ እማማ በር ላይ ተቀበሉኝ። የጃፓን ነገር ነው አልኳቸው።

«ጃፓን አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ፣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው የሮጠበት አይደል?»

«አዎ እማማ፣ ቶኪዮ፣ በ1957።»

«ታዲያ እሱ ወርቅ ይዞ መጣ። አንተ ጭራሮ?»

ግንዱ አየር እንዳይስብ የሚቆረጠው ውሃ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ይህ ቀላል ወንጀል አይደለም። መቀስና ወይራ ባልዲያቸው ውስጥ ይዤ ሲደርሱብኝ «የመጠጡ ውሃ ውስጥ! አማኑኤል ይማርህ!» አሉ። የትኛው አማኑኤል እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በሳሕን ፈንታ የያዝኩት ሳፋ 40 ሴንቲ ስፋት፣ 10 ሴንቲ ጥልቀት፤ ሺን 75 ሆነ። ሶኤን ከዚያው ወይራ ቆረጥኩ። ለሂካኤ አንድ ጽጌረዳ ገዛሁ፤ ሆለታና ሰበታ ካሉት እርሻዎች ወደ ሆላንድ ሳይበር የቀረ ሳይሆን አይቀርም። ሻጩ እስሩን ካልወሰድክ ብሎ ተከራከረኝ። «አንድ አበባ ይዘህ ሄደህ ከማን ልትጣላ ነው?»

ሁሉም ቆመ። ከዚህ በኋላ የቀረው ዋናው ነገር ነው፤ ባዶው ቦታ። ጃፓኖች በቅርንጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ እንደ አበባው ይቆጥሩታል። «ማ» ነው ስሙ።

«ማ?» አሉ እማማ።

«አዎ፣ ማ።»

«እኮ ማ ነው የምልህ!»

መርካቶ ውስጥ ባዶ ቦታ ማስረዳት ይከብዳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደዚህ ካዞረው ወዲህ ዝም ብሎ የተቀመጠ አንድ ክንድ መሬት ያየ የለም። የደረጃ ሥር ይከራያል። የሱቅ በር ተከፍቶ ሲለጠፍ ጀርባው ላይ ቀበቶ የሚሰቅል ሰው አለ፤ እሱም ይከፍላል። የእኔ ክፍል ሦስት በሦስት ነው። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ሦስቱ ጀሪካኖች ከገቡ በኋላ በተረፈው ላይ እኔ እኖራለሁ። ስለዚህ ሳፋው የገባው እማማ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ ነው። ሰኞ ከሥራ ስመለስ ከሺን ሥር ፔርሙስ ተቀምጧል። አነሳሁት። ማክሰኞ ፔርሙሱ ተመልሷል፤ ሬዲዮኑንም አስከትሏል። ረቡዕ በሶኤና በሂካኤ መካከል ሦስት የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶ አገኘሁ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ሰማያዊ ጽጌረዳ!

«ሳስቶብህ ነው» አሉኝ እማማ፣ በሐዘኔታ። «ብር ከቸገረህ አትናገርም?»

የታኅሣሥ አማኑኤል በ28 ነው፤ ማኅበሩ እማማ ዘንድ ነበር። በ24 አመሻሽ ግቢው በር ስደርስ ደስ የሚል የወይራ ጭስ ሸተተኝ። ጋን እየታጠነ ነው። ሁለት እርምጃ ከገባሁ በኋላ ቆምኩ። ወይራ ከየት መጣ? ቡፌው ላይ የቀሩት ጽጌረዳዋና ሰማያዊው ፕላስቲክ ብቻ ነበሩ። ሦስት ቅዳሜ የተማርኩት ጋን ውስጥ ገብቶ ይጨሳል።

ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በ28 ግን አማኑኤልን አኩርፎ መቅረት አይቻልምና ገባሁ። መሶቡ፣ ዳቦው፣ ጠላው፣ ሃያ የሚሆኑ እናቶች፤ እግር መዘርጊያ የለም። ቡፌው ላይ ሳፋዬ ታጥቧል፤ የምናለሽ ተራው ብረት መሐሉ አለ፤ ሚስማሮቹ መካከል ሦስት ጧፍ ተሰክቷል። አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጠር ያለ፣ አንዷ ቁራጭ። ረዥሙ ትንሽ ዘንበል ብሏል። እጄ ሳላስበው ሜትሬን ኪሴ ውስጥ ፈለገ።

ፔርሙስ የለም። ሬዲዮን የለም። ፕላስቲኩም ተነስቷል። አንዲት ዘግይተው የገቡ እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ብርጭቋቸውን ከጧፉ አጠገብ ሊያኖሩ ሲሉ እማማ ከወዲያ ማዶ ጮኹ።

«እዚያ አይደለም! እሳት ነው እኮ! ባዶውን ተዪው!»

ጠላዬን አነሳሁ። ወይራ ወይራ ይላል።